ለተራቆተ የግጦሽ መሬት መፍትሔው ከብት መቀነስ ነው ወይስ የሣሩ ዕረፍት?

ጥያቄው ከአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ጋር ከሚሠሩ አንድ የልማት ባለሙያ የቀረበ ሲሆን ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የማኅበረሰቡ የግጦሽ መሬት ተራቁቷል። የቀድሞው ሣር ጠፍቶ ዝናብ ሲመጣ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚደርቅ ሣር ቦታውን ይዟል፤ ቁጥቋጦም እየወረረው ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች የከብቱ ቁጥር ካልተቀነሰና መሬቱ ካልታጠረ መፍትሔ የለም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መንጋው ተጠጋግቶ ከቦታ ቦታ በፍጥነት እየተዘዋወረ ቢግጥ መሬቱን ራሱ ይፈውሰዋል ይላሉ። የትኛውን እንከተል? ከምንስ እንጀምር?»

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የተራቆተ የግጦሽ መሬት የሚያገግመው ሣሩ በሚያድግበት ወቅት በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ነው። ይህን ዕረፍት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ የትኛው መሬት መቼ ተዘግቶ መቼ እንደሚከፈት የመወሰን ሥልጣን ያለው፣ ውሳኔውም በጎረቤቶቹና በመንግሥት ዘንድ የሚከበርለት ማኅበረሰብ ነው። ስለ ከብት ቁጥርም ሆነ ስለ አዘዋወር ስልት የሚነሣው ክርክር ትርጉም የሚኖረው እነዚህ ሁለት ነገሮች ከተጨበጡ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሣሩ እንነሣ። ሣር የሚያድግበት እምቡጥ መሬት ተጠግቶ ከግንዱ ሥር ስለሚገኝ፣ ቢነጭም ቢታጨድም መልሶ ያቆጠቁጣል። ለማቆጥቆጥ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው ግን ከተረፈለት ቅጠልና ከግንዱ ሥር ካጠራቀመው ስንቅ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክሊን ክራይደር በ1955 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቅጠሉ እስከ ግማሽ ያህሉ ሲቆረጥ የሥሩ ዕድገት እምብዛም እንደማይነካ፣ 60 በመቶው ሲቆረጥ ግን ከሥሮቹ ግማሽ ያህሉ ማደግ እንደሚያቆሙ፣ 80 በመቶው ሲቆረጥ ደግሞ የሥሩ ዕድገት ለቀናት ጨርሶ እንደሚቆም አሳይተዋል። ጉዳቱ ከተቆረጠው መጠን ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ እስከ ግማሽ ድረስ ምንም አይመስልም፣ ከግማሽ ሲያልፍ በድንገት ይከፋል። ሥሩ ያጠረ ሣር ደግሞ ዝናቡ ሲያቋርጥ ከጥልቀት ውሃ መሳብ ስለማይችል፣ እርስዎ እንደገለጹት ከዓመት ዓመት የሚቆየው ሣር እየሞተ፣ በአንድ ዝናብ በቅሎ በዚያው ለሚደርቀው ቦታውን ይለቃል።

እንግዲህ አንዲት ላም አንድን የሣር ጉቶ አንድ ጊዜ ስትነጭ አትገድለውም። የሚገድለው፣ ከተነጨ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስንቁን አሟጦ ያወጣውን ለጋ ቅጠል ተመልሳ ስትነጨው፣ ደግማም ስትመለስበት ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ቮይዛን በ1950ዎቹ አጥብቀው ያስተማሩት ይህንን ነበር፤ መሬት ከልክ በላይ የሚጋጠው እንስሳቱ በመብዛታቸው ብቻ ሳይሆን በአንድ ቦታ ላይ በመቆየታቸውና ሣሩ ሳያገግም በመመለሳቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የማይርቁ አሥር ላሞች የጉድጓዱን ዙሪያ ሊያራቁቱት ሲችሉ፣ መቶ ላሞች ለሁለት ቀን ግጠውት እስከሚቀጥለው ወቅት የማይመለሱበት መሬት ደኅና ሆኖ ይቆያል። ረጅም መንገድ የሚጓዙ አርብቶ አደሮች ይህን ከማንኛውም ጥናት በፊት ያውቁት ነበር፤ ከመጓዛቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንምጣ። ቁጥር ይቀነስ የሚለው ምክር ለእያንዳንዱ መሬት የተወሰነ «የመሸከም አቅም» አለው ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው። ዝናቡ ብዙ በማይዋዥቅበት አገር ይህ አስተሳሰብ ይሠራል። በደረቅ አካባቢ ግን ዝናቡ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ይለያያል፤ ልዩነቱ ከአማካዩ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሚሆንበት ቦታ የሣሩን መጠን በዋናነት የሚወስነው የእንስሳቱ ብዛት መሆኑ ቀርቶ ዝናቡ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ጂም ኤሊስና ዴቪድ ስዊፍት በ1988 ከሰሜን ኬንያ ከቱርካና ተነሥተው ያቀረቡት ትንታኔ በዚህ ረገድ የብዙዎቻችንን አመለካከት ለውጧል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ቋሚ ቁጥር ቢወሰን፣ በጥሩ ዓመት ቤተሰቡን ካለምክንያት ያደኸያል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ መሬቱን አያድንም።

ይህ ማለት ቁጥር ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በሥራዬ የምጠቀምበትን ቀላል ስሌት ላካፍልዎ። በሐሩር ክልል የእንስሳት መለኪያ አንድ ክፍል የሚባለው 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ይህ እንስሳ በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። አንድ ማኅበረሰብ ለደረቅ ወቅት የከለለው 1,000 ሄክታር በሄክታር 1,200 ኪሎ ግራም ደረቅ ሣር ሰጠ እንበል። ሲሶው ብቻ ለእንስሳቱ ቢታሰብና የቀረው ለአፈሩ፣ ለዘሩና ለሣሩ ስንቅ ቢተው፣ የሚገኘው መኖ 400,000 ኪሎ ግራም ነው። ይህም 400 የእንስሳት ክፍሎችን ለ160 ቀን ያበላል። ዝናቡ አንሶ ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ እነዚያው እንስሳት 80 ቀን ብቻ ይቆዩበታል። ስሌቱ «ስንት ከብት ይኑር?» የሚለውን ጥያቄ «ያለው ከብት እዚህ ስንት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?» ወደሚል ይለውጠዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ሽማግሌዎች ወዲያውኑ ይወያዩበታል፤ የመጀመሪያው ግን የሰውን ሀብት የሚነካ ስለሆነ ገና ሲነሣ ጆሮ ያዘጋል። መልሱ «ወዴትም መሄጃ የለም» የሚል ከሆነ ያን ጊዜ ድርቁ ሳይብስና እንስሳቱ ሳይከሱ ቀድሞ መሸጥ በራሳቸው አንደበት ይነሣል።

ስለ አጥር አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው። በቻይናዋ ውስጣዊ ሞንጎሊያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግጦሽ መሬቱ ለየቤተሰቡ በኮንትራት ተከፋፍሎ ቀስ በቀስ ታጠረ፤ ከ2003 ጀምሮም በሰፊው ግጦሽን የሚከለክል ፕሮግራም ተተገበረ። ተዘግቶ የከረመ መሬት በብዙ ቦታ ሣር አብቅሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ መሬቱ በየአጥሩ ሲቆራረጥ መንጋው በጠባብ ቦታ እየተመላለሰ ይረግጣል፤ ድርቅ ወይም ከባድ በረዶ ሲመጣም ወደ ሌላ አካባቢ መሸሽ አይቻልም። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ለብዙ ዓመት የሚተው መሬትም የራሱ ችግር አለው፤ እንደ ቴሜዳ ትሪያንድራ ያሉ ጉቶ ሠርተው የሚያድጉ ሣሮች የሚግጣቸውም የሚያቃጥላቸውም ሲያጡ በራሳቸው ደረቅ ቅጠል ታፍነው ይዳከማሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቦታ ሲታጠር እዚያ ይግጥ የነበረው መንጋ አይጠፋም፤ ጎረቤት ያለው መሬት ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ወገን በአብዛኛው የዚምባብዌውን የሥነ ምኅዳር ሰው አለን ሴቨሪን ይከተላል። እርሳቸው እንደሚሉት መንጋው ተጠጋግቶ ሲንቀሳቀስ በኮቴው የጠጠረውን የአፈር ቅርፊት ይሰብራል፣ ደረቁን ሣር ወደ መሬት ይረግጣል፣ በእበቱም አፈሩን ያዳብራል፤ በዚህም በረሃማነት ይገታል። ዴቪድ ብሪስክና ባልደረቦቻቸው በ2008 የቀደሙ ሙከራዎችን መርምረው፣ መሬቱን ከፋፍሎ መንጋውን በየክፍሉ ማዘዋወር ከተከታታይ ግጦሽ ይልቅ የሣርም ሆነ የእንስሳት ምርትን በወጥነት እንደማይጨምር ደምድመዋል። በእኔ ግምት ይህ ድምዳሜ በቁም ነገር መያዝ አለበት፤ መንጋው በተራቆተ ደረቅ አፈር ላይ ቢከማች አፈሩን ወደ አቧራ እንጂ ወደ ሣር አይለውጠውም። ሆኖም በእነዚያ ሙከራዎች አብዛኞቹ ክፍሎች ትናንሽ፣ የመዘዋወሪያ ቀኖቹም አስቀድመው የተወሰኑ ነበሩ። ዝናብ የጣለበትን አካባቢ ሰው ልኮ አጣርቶ፣ ሣሩን አይቶ መንጋውን በብዙ ኪሎ ሜትር የሚያንቀሳቅስ አርብቶ አደር የሚያደርገውን አልለኩም። ከሴቨሪ ትምህርት መውሰድ የሚገባን መንጋው ከተነሣ በኋላ ለሣሩ የሚሰጠውን የማገገሚያ ጊዜና ሁኔታውን እያዩ ዕቅድን መቀየርን ነው፤ ኮቴ በራሱ ይፈውሳል የሚለውን ግን አልቀበልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በሞሮኮ ከፍተኛ አትላስ ተራሮች የኡካይመደን የጋራ ግጦሽ በየዓመቱ ከማርች 15 እስከ ኦገስት 10 ይዘጋል። ይህ ሥርዓት በአካባቢው ቋንቋ «አግዳል» ይባላል። በእነዚያ ወራት ሣሩ አድጎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ያራግፋል፤ ከዚያ መንጋው ሁሉ በአንድ ቀን ይገባል። ደንቡ ምንም መለኪያ አለመፈለጉን ልብ ይበሉ። የከብት ቁጥርን የሚወስን ደንብ ቢሆን እያንዳንዱን መንጋ መቁጠር፣ ማን የማንን እንስሳ በአደራ እንደያዘ መመርመር ያስፈልግ ነበር። ቀንን የሚወስን ደንብ ግን ማንኛውም እረኛ ሊያስከብረው ይችላል፤ በተዘጋ መሬት ላይ የተገኘች አንዲት ላም ራሷ ማስረጃ ናት። ለዚህም ነው ጊዜን የሚመለከቱ የማኅበረሰብ ደንቦች ቁጥርን ከሚመለከቱት ይልቅ ዕድሜ ያላቸው ሆነው የሚገኙት ብዬ የማምነው።

የተቃራኒውን ምሳሌ በዐረብ ልሳነ ምድር እናገኛለን። «ሂማ» የሚባለው የተከለለ የግጦሽ ሥርዓት ከእስልምና በፊት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በሳውዲ ዐረቢያ በ1953 የጎሳዎቹን ክልል የሻረ አዋጅ ሲወጣ መሬቱ ለማንም ክፍት ሆነ፤ ለማንም ክፍት የሆነ መሬት ደግሞ ጠባቂ የለውም። ጋሬት ሃርዲን በ1968 «የጋራ ሀብት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ ይጠፋል» የሚለውን ታዋቂ ክርክራቸውን ሲያቀርቡ የገለጹት በእውነቱ ይህን ዓይነቱን ባለቤትና ደንብ የሌለውን መሬት ነበር፤ እርሳቸውም ኋላ፣ በ1994፣ ጉዳዩ አስተዳደር የሌለውን የጋራ ሀብት እንደሚመለከት አስተካክለው ጽፈዋል። ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ማኅበረሰቦች ራሳቸው ለዘመናት በደንብ ሊጠብቁት እንደሚችሉ ከብዙ አገሮች ማስረጃ አሰባስበው በማሳየታቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በዮርዳኖስ የዘርቃ ወንዝ ተፋሰስ የበኒ ሃሺም ማኅበረሰብ ሂማውን መልሶ ባቋቋመ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ መሬቱን የማስተዳደር መብት ከመንግሥት ማግኘት ነበር።

ቦረናዎችም መንጋቸውን ለሁለት ይከፍላሉ፦ የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ከመንደሩ አጠገብ ሲቆዩ «ዋራ»፣ የቀሩት ርቀው ሲሰማሩ «ፎራ» ይባላሉ። የጥልቅ ጉድጓዶቹን የመጠጣት ተራ አንድ ኃላፊ ይመራል። ውሃውን የሚቆጣጠር ሰው በዙሪያው ያለውን ግጦሽም ይቆጣጠራል፤ የመጠጣት ተራ የሌለው መንጋ በዚያ ሊቆይ አይችልምና። ስለዚህ አዲስ የውሃ ጉድጓድ የመቆፈር ዕቅድ ካላችሁ እባክዎ ሁለት ጊዜ ያስቡበት። በሳህል ከ1968 እስከ 1973 በዘለቀው ድርቅ ጊዜ፣ ለሁሉም ክፍት በነበሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ዙሪያ እንስሳት ያለቁት ውሃ አጥተው አልነበረም፤ በእግር ሊደርሱበት በሚችሉት ርቀት ሁሉ ሣሩ አልቆ ነበር። በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረ መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ማውጣት የመሬቱን ዕረፍት መሻር ነው።

ከምን እንጀምር ላሉት፣ ካርታ ከማዘጋጀት ይጀምሩ፤ ካርታው ግን ወቅትን የሚያሳይ ይሁን። በዝናብ ወቅት የሚጋጠው፣ በደረቅ ወቅት የሚጋጠው፣ ለክፉ ዓመት የሚቀመጠው፣ የጥጆች መዋያው፣ የማለፊያ መንገዱ፣ ከብቱ የሚልሰው ጨዋማ አፈር ያለበት ቦታ ተለይቶ ይሣል። ሽማግሌዎች የቀድሞውን ደንብ ያውቃሉ፤ ሴቶች ጥጆችና የታመሙ እንስሳት የሚውሉበትን፣ የወተቱ መጠን የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ቦታ ያውቃሉ፤ ሣሩን በየቀኑ የሚያዩት ደግሞ ወጣት እረኞች ናቸው። ሦስቱም ወገኖች ለየብቻቸው ቢሥሉትና ኋላ ቢነጻጸር፣ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፤ እኔም ተካፍዬበታለሁና በግልጽ እናገረዋለሁ። ከዓመታት በፊት በተሳተፍሁበት አንድ ሥራ፣ ሰፊ ለም ረግረግ ለደረቅ ወቅት እንዲከለል ከነዋሪው ማኅበረሰብ ጋር ተስማማን። ሁለት ዓመት ሣሩ በጣም አማረ። በሦስተኛው ዓመት ድርቅ ሲሆን፣ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጊዜ በክፉ ቀን ብቻ ወደዚያ የሚመጡ ሩቅ ጎረቤቶች መንጋቸውን ይዘው ደረሱ። እነርሱን ማንም አላማከራቸውም ነበር፤ መብታቸው ግን ከክለላው የቆየ ነበር። ክለላው በአንድ ሳምንት ፈረሰ፤ በሰዎች መካከል የተፈጠረውን ቅሬታ ለማብረድ ደግሞ ከዚያ በጣም የረዘመ ጊዜ ወሰደ። ስለዚህ «እዚህ የሚኖረው ማነው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «ባለፉት ታላላቅ ድርቆች እዚህ የመጣው ማነው? እናንተስ ወደ ማን ሄዳችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የመከፈቻው ደንብ የእንግዶችንም መግቢያ ካልወሰነ የመጀመሪያውን ድርቅ አያልፍም።

መሬቱን ራሱን በሚመለከት፣ ዕረፍት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ እንዳለ መታወቅ አለበት። አንዳንድ መሬት አንድን ወሰን ካለፈ በኋላ ጫናው ቢነሣለትም ወደ ቀድሞ ሁኔታው በራሱ አይመለስም። ለመለየት በእግር ይዙሩ። እዚህም እዚያም በሕይወት ያሉ የቋሚ ሣር ጉቶዎች፣ ከቁጥቋጦ ሥር የተጠለሉም ቢሆኑ፣ ካገኙ መሬቱን በዝናቡ ወቅት መዝጋት በአብዛኛው ይበቃል፤ ዘሩም ሥሩም አለ። ጉቶ ከሌለ፣ አፈሩ ጠጥሮ ውሃው ሳይሰርግ የሚሸሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ውሃውን ማቆም ያስፈልጋል፤ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ዝቅተኛ የድንጋይ እርከኖች፣ በተራቆተው ቦታ ላይ የሚነሰነሱ እሾሃማ ቅርንጫፎች ውሃን፣ አፈርንና ዘርን ይይዛሉ። ዘር የሚዘራ ከሆነ እንደ ሴንክረስ ሲሊያሪስ ያሉ ደረቅ አካባቢን የለመዱ ሣሮችን፣ ቢቻል በአካባቢው ከተረፈው መሬት የተሰበሰበ ዘር ይምረጡ። ቦረቦሩን ከታች ጀምሮ መክተር ድካም ነው፤ ከላይ፣ ጎርፉ ከሚነሣበት፣ ይጀመራል።

ቁጥቋጦው የሚስፋፋባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሣሩ ተግጦ ማለቁና እሳት መከልከሉ ግን በብዙ አገር አብረው ይገኛሉ። በቦረና ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጣለው የቃጠሎ ክልከላ ለቁጥቋጦው መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዳደረገ በሰፊው ተመዝግቧል። ሁሉንም መመንጠር ግን አይገባም፤ ጥላ፣ የፍየልና የግመል መኖ፣ የአፈር ልማት የሚሰጡ ዛፎች ይቅሩ፤ የቀረው ይሳሳ። ተቆርጦ ብቻ የሚተው ግንድ በሚቀጥለው ዝናብ በብዙ ቡቃያ ስለሚመለስ፣ ቡቃያውን የሚበሉ ፍየሎች ወዲያው መሰማራት አለባቸው። እሳት የሚጠቅመው ሣሩ ተመልሶ ለማቃጠል የሚበቃ ድርቆ ሲኖር፣ የአካባቢው ሕግ ሲፈቅድና ልምዱ ያላቸው ሽማግሌዎች ሲመሩት ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው ወራሪ ዛፍ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ እንስሳት ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው ስለሚያሰራጩ፣ ፍሬ በያዘበት ወቅት ከዚያ የተነሣ መንጋ በቀጥታ ወደሚያገግመው መሬት መግባት የለበትም።

ለክትትል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ መስመር ላይ መቶ እርምጃ እየተራመዱ በየእርምጃው የጫማው ጫፍ ያረፈበትን ይመዝግቡ፦ ባዶ አፈር፣ ቋሚ ሣር፣ የአንድ ወቅት ሣር፣ ቁጥቋጦ ወይም ደረቅ ግርድ። መቶ እርምጃ ስለሆነ ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ ይነበባል። ከአንድ ከተተከለ ምሰሶ ሥር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚነሣ ፎቶግራፍም ይጨምሩበት። መዝገቡ በማኅበረሰቡ እጅ ይቆይ፤ እረኞቹ ከሚያዩት ከወተቱ፣ ከእበቱ ልስላሴና ከከብቱ ፀጉር ሁኔታ ጋር አብሮ ይነበብ።

የመንግሥት ድርሻ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን አስፈላጊ ነው። የማኅበረሰቡ የመዝጊያና የመክፈቻ ደንብ በጽሑፍ ሠፍሮ በሚመለከተው መስተዳድር ካልታወቀ፣ የተጠበቀውን መሬት ከነሣሩ ለእርሻ ኢንቨስትመንት የሚመድብ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ መልሶ የለማ መሬት ከተራቆተው ይልቅ ዓይን ይስባልና። የማለፊያ መንገዶችም በሕግ ሊጠበቁ ይገባል። ስፔን 125,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ጥንታዊ የመንጋ መንገዶቿን በ1995 ባወጣችው ሕግ የሕዝብ ሀብት አድርጋ ጠብቃለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2026ን ዓለም አቀፍ የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ መሰየሙም ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም መሬት ለመዝጋት አይሞክሩ። ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጠውን፣ የቋሚ ሣር ጉቶ ያልጠፋበትን አንድ የደረቅ ወቅት መሬት ይያዙ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ይዘጋ፤ መንጋው በዚያ ጊዜ የት እንደሚቆይ አስቀድሞ ይታወቅ። ሣሩ ዘሩን እስኪያራግፍ አይከፈት። የመክፈቻውን ቀን የሚያውጁት ሽማግሌዎቹ ይሁኑ፤ እርስዎም ሆኑ መሥሪያ ቤትዎ በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ አይኑራችሁ። ሲከፈት ከላይ ባሳየሁት ስሌት የተገመቱት ቀኖች ሲያልቁ መንጋው ይነሣ፤ ወይም ግማሹ ቅጠል ከመበላቱ በፊት እረኞቹ «በቃ» ካሉ ቀኑን አትጠብቁ፤ ከስሌቱ ይልቅ የእነርሱ ዓይን ይታመን።